ስቴፑ የት አለ?

ኧረ ይግቡ፣ በር ላይ አይቁሙ። ቡናው ገና ምጣድ ላይ ነው፤ አቦሉ አላመለጠዎትም። ዛሬ የዳሞታ ተራራ ጉሙን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ነው የዋለው። ሶዶ እንዲህ ስትቀዘቅዝ ከረከቦት ዳር የሚያስነሳ ጉዳይ ያለበት ሰው ያሳዝነኛል። የቡና ቁርሱ የተቀቀለ ቦይና ነው፤ ዳጣውም አጠገቡ አለ። ዳጣውን ግን ቀስ ብለው ይጀምሩት፤ እንግዳ ነው ብሎ የሚምር ነገር አይደለም።

የዛሬውን ጨዋታ ያመጣው የባለ ቡናዋ ልጅ ነው። አምስተኛ ክፍል ነው። ቅድም ቦርሳውን እንደ ጣለ የሒሳብ ፈተናውን አውጥቶ ለእናቱ ሰጣት። 25 ሲባዛ በ48 ስንት ነው ይላል ጥያቄው። ልጁ 1,200 ብሎ ጽፏል። ትክክል ነው። ቁጥሩ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ከጎኑም «ስቴፑ የት አለ?» ተብሎ ተጽፏል።

«ከማን ገልብጠህ ነው?» አለችው፣ ቡናውን ማመሷን ሳታቆም።

«ከማንም። በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት።»

«በጭንቅላቱ! ጋሼ፣ ይሰሙታል?»

እሰማለሁ እንጂ። እኔም በእሱ ዕድሜ በዚሁ ቀይ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ። ልዩነታችን፣ እኔ በእውነት ገልብጬ ነበር። ልጁ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የገለበጠ ልጅ ይፈራል እንጂ እንዲህ አይከፋውም። እናም ስቴፕ ሳይጽፍ የኖረ አንድ ሰው አለ፣ የእሱን ታሪክ ላጫውትህ አልኩት። እርስዎም በሰዓቱ ደረሱ።

አቦል

ስሙ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ነው። የተወለደው በደቡብ ህንድ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1887 ነው። ዘመኑን ወደ እኛ ላምጣልዎት፦ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አንድ ዓመት ያህል ቢሆናት ነው። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ቶና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ፣ ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ተማሪ ነበር።

አባቱ የሳሪ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ጸሐፊ ናቸው። እናቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይዘምራሉ። ገቢው ስለማይበቃ ኩምባኮናም በምትባለው ከተማ ቤታቸው ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎችን በደባልነት ያስገባሉ። ትንሹ ልጅ ከደባሎቹ ሒሳብ ጠየቀ፤ እነሱም ያላቸውን ሰጡት፤ ብዙም ሳይቆይ የሚሰጡት አጡ። በ13 ዓመቱ የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ ተውሶ ብቻውን ጨረሰ።

በ16 ዓመቱ ገደማ ደግሞ ሕይወቱን የለወጠው መጽሐፍ እጁ ገባ። ታላቅ መጽሐፍ እንዳይመስልዎት። ካር የተባለ እንግሊዛዊ አስጠኚ፣ ተማሪዎቹን ለፈተና ለማዘጋጀት ያጠናቀረው ነው። 5,000 ያህል ፎርሙላ ተደርድሮበታል፤ ማረጋገጫ ግን ከስንት አንዱ ላይ ነው ያለው። በእኛ አነጋገር፣ መልስ ብቻ፣ ስቴፕ የለም። ራማኑጃን እያንዳንዱን ራሱ እየፈታ ወረደ፤ ከዚያም መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረውን መጨመር ጀመረ። መጽሐፉ መምህሩ ስለነበረ የመምህሩን ጠባይ ወረሰ፦ ውጤቱን ይጽፋል፣ መንገዱን ይተወዋል።

መንገዱን የሚተውበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ወረቀት ውድ ነው። ስለዚህ የሚሠራው በጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ያ በጭን ላይ የሚያዘው ትንሹ ሰሌዳ። በጠመኔ ይጽፋል፤ ሲሞላ ጨርቅ ፍለጋ አይነሳም፤ በክርኑ ያጠፋዋል። እንደገና ይጽፋል፣ እንደገና በክርኑ። መጨረሻ ላይ የተገኘችውን አንዲት መስመር ብቻ ደብተሩ ላይ ያሰፍራታል። እንግዲህ የዚያ ሰው ስቴፕ የት እንደ ሄደ ጠየቁኝ? ክርኑ ላይ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ያልሆነው ክፍል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1904 (ዓ.ም. ካላልኩ ሁሉም በዚያው አቆጣጠር ነው) ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮሌጅ ገባ። ሒሳቡን አገላብጦ ይሠራዋል፤ እንግሊዝኛውንና ሌላውን ትምህርት ዞር ብሎም አያየው። ወደቀ፤ ዕድሉንም ተነጠቀ። አፍሮ ከቤት ጠፋ። ማድራስ ሄዶ ሌላ ኮሌጅ ገባ፣ እዚያም ፈተናውን ወደቀ። ደገመ፤ አሁንም ወደቀ።

እኛ የ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተንናቸው ልጆች ማለፊያውን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ። የወደቀ ሁሉ ራማኑጃን ነው ለማለት አይደለም፤ እኔም ወድቄ አውቃለሁ፣ ከእኔ የተገኘ ፎርሙላ የለም። ነገር ግን ፈተና የሚለካውን ይለካል፤ ያልተጠየቀውን ሊለካ አይችልም።

በ1909 እናቱ፣ ጃናኪ ከምትባል የ10 ዓመት ልጅ ጋር አጋቡት፤ የአገሩ ወግ ነበር። ዲግሪ የለው፣ ሥራ የለው። ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሰው ደጅ ይጠናል። ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ራሱን ያስተማረ ይባላል እንጂ ብቻውን አልነበረም። የህንድ የሒሳብ ማኅበርን የመሠረቱት ባለ ሥልጣን ደብተሩን ገልጠው አዩለት። ራማቻንድራ ራኦ የተባሉ ባለጸጋ ሹም ከኪሳቸው በወር 25 ሩፒ ቆረጡለት። በ1912 የማድራስ ወደብ ላይ በወር 30 ሩፒ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ አለቃው ናራያና አየር ራሳቸው የሒሳብ ሰው ነበሩና ማታ ማታ ሁለቱ ሰሌዳቸውን ይዘው አብረው ይሠሩ ነበር።

ይኸው አቦሉ ተቀዳ። «ቡና ቁርስ!» ብላለች ባለ ቡናዋ፤ ቦይናውን ይውሰዱ።

ቶና

ሁለተኛው ስኒ ስሙ ቶና ነው፤ ወላይታ ቁጭ ብለው ቶና ሲባል ደግሞ ከቡናው በፊት ንጉሡ ትዝ ይላሉ። እዚህ ቤት በሁለቱም ይቀለዳል።

ራማኑጃን ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ለሁለት ታላላቅ የካምብሪጅ ሊቃውንት ልኮ ሁለቱም እንደ መለሱበት ይነገራል። አቦልና ቶና ባዶ ስኒ ሆኑ ማለት ነው። ሦስተኛውን ጃንዋሪ 16 ቀን 1913 ጻፈ፤ በእኛ ጥር 8 ቀን 1905 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው። የተላከው ጂ. ኤች. ሃርዲ ለሚባል የ35 ዓመት ሊቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩ፣ በወደብ ቢሮ በዓመት 20 ፓውንድ የማገኝ ጸሐፊ ነኝ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ገጽ በገጽ ላይ ፎርሙላ። ስቴፕ የለም።

ሃርዲ ጠዋት ሲያየው አጭበርባሪ መሰለው። ቀኑን ሙሉ ግን ከሐሳቡ አልወጣ አለ። ማታ ጓደኛውን ሊትልዉድን ጠርቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። አንዳንዱ የሚያውቁት ነው። አንዳንዱን ለማረጋገጥ ላባቸው ጠብ አለ። የቀረውን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም። ሃርዲ የደረሰበት መደምደሚያ ደስ ይለኛል፦ እነዚህ እውነት ባይሆኑ ኖሮ፣ ፈጥሮ ለመዋሸት እንኳ የሚበቃ ምናብ ያለው ሰው አይገኝም ነበር።

ሁሉም ትክክል ነበር ወይ? አልነበረም። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች፣ እነዚያ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ማንም የማያካፍላቸው ቁጥሮች፣ የጻፈው ቀመር የተሳሳተ ነበር። ሌላው ብዙው ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ የተገኘ ነው። ጎበዙ ልጅ ድፍን ወጣትነቱን ሌሎች ተራምደው ያለፉትን ዳገት ብቻውን ሲወጣ አሳለፈ። ራስን በራስ የማስተማር ውበት ሲወራ ይህ ዕዳው ይረሳል።

ሃርዲ ፌብሩዋሪ 8 መልስ ጻፈ። ምን ብሎ መሰለዎት? ሥራህ አስደንቆኛል፤ ማረጋገጫውን ግን ላክልኝ። ስቴፑ የት አለ? ማለቱ እኮ ነው! ልጁ ይህን ስነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ። ቆይ፣ ተቀመጥ፣ እንመጣበታለን አልኩት።

ሃርዲ ራማኑጃን ወደ ካምብሪጅ እንዲመጣ ፈለገ። ራማኑጃን ግን ብራህማን ነው፤ ባሕር መሻገር ያረክሳል የሚል ወግ አለበት። እናቱ የሚያመልኳት ናማጊሪ የምትባለው አምላክ በሕልማቸው ተገልጣ አትከልክይው ብላቸው ፈቀዱ ይባላል። ማርች 17 ቀን 1914 መርከብ ተሳፈረ። ሥጋ አይበላም፤ ካምብሪጅ ክፍሉ ውስጥ የራሱን ወጥ ራሱ ይሠራል። ከደረሰ ሦስት ወር ተኩል ቆይቶ የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የለመደው አትክልትና ቅመም ጠፋ፤ ሊትልዉድም ለመድፍ ስሌት ተጠራ። ያንን ብርድ የሞቃት አገር ልጅ ሆነው ያስቡት።

እዚያ ከሠራው አንዱን እዚሁ ላሳይዎት። ሳህኑ ላይ ፈንዲሻ አለ። አራት ፍሬ ያንሱ። እነዚህን አራት ፍሬዎች በስንት ዓይነት መንገድ መደልደል ይቻላል? አራቱን በአንድ ክምር፤ ሦስትና አንድ፤ ሁለትና ሁለት፤ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፤ አራቱንም ለየብቻ። አምስት መንገድ። አምስት ፍሬ ከሆነ ሰባት መንገድ ነው፤ ይሞክሩት። ሕፃን የሚሠራው ነው እንዳይሉ፤ ፍሬው መቶ ሲሆን መንገዱ 190,569,292 ይሆናል። ሁለት መቶ ሲሆን ወደ 4 ትሪሊዮን ይጠጋል። ራማኑጃንና ሃርዲ እየለቀሙ ሳይቆጥሩ ወደ መልሱ የሚያደርስ ቀመር አወጡ፤ ማክማሆን የሚባል ጡረተኛ የጦር መኮንን እስከ ሁለት መቶ ድረስ በእጁ አስልቶት ነበርና ሲያመሳክሩት ገጠመ።

ከዚያ ራማኑጃን የማክማሆንን ዝርዝር ቁጭ ብሎ አየ። ለ4 ፍሬ 5፣ ለ9 ፍሬ 30፣ ለ14 ፍሬ 135፣ ለ19 ፍሬ 490። «ምን ታያለህ?» አልኩት ልጁን። «ሁሉም ለአምስት ይካፈላል» አለ፣ ስኒ ሳይቀዳ። አዎ፤ እንዲህ አምስት እየዘለሉ ሲሄዱ ለዘለዓለም ይካፈላል። ያ ሁሉ ሰው ያየው ዝርዝር ነው፤ ይህን ያየ ግን አልነበረም። ራማኑጃን በዚህኛው ላይ ማረጋገጫውንም ጽፏል። ከሃርዲ ጋር አምስት ዓመት ተቀምጦ ስቴፕ ተምሯል።

ጤናው ግን ተሰበረ። ከ1917 ጀምሮ ከሕክምና ቦታ ወደ ሕክምና ቦታ ሲንከራተት ኖረ። በ1918 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ለትሪኒቲ ኮሌጅ አባልነት የተመረጠ የመጀመሪያው ህንዳዊም ሆነ። የታክሲዋን ወሬ ሰምተው ይሆናል፤ ሃርዲ ሊጠይቀው መጥቶ የታክሲዬ ቁጥር 1729 ነው፣ የሚረባ ቁጥር አይደለም አለው። ታማሚው ከአልጋው ሳይነሳ፣ ኧረ በጣም ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ የሁለት ኩብ ቁጥሮች ድምር ሆኖ በሁለት መንገድ ከሚገኙት ትንሹ ነው አለ። 1,728 ሲደመር 1፤ ወይም 1,000 ሲደመር 729። ልጁ ፈተናውን ገልብጦ ጀርባው ላይ እያሰላ ነው፤ ይተዉት።

በ1919 አገሩ ገባ። ኤፕሪል 26 ቀን 1920፣ በ32 ዓመቱ አረፈ።

በረካ

ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይሄዱም። በረካ በረከት ነው፤ ሦስተኛዋ ደብዳቤም የራማኑጃን በረካ ነበረች።

የመጨረሻውን ዓመት አልጋ ላይ ሆኖ፣ ጃናኪ እያስታመመችው፣ መጻፉን አላቆመም። ያ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝ ተልኮ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተረሳ። በ1976 ጆርጅ አንድሩስ የተባለ አሜሪካዊ በትሪኒቲ ቤተ መጻሕፍት የሌላ ሟች ሊቅ ወረቀቶችን ሲያገላብጥ ከመቶ የሚበልጡ ገጾችን አገኘ፤ ከ600 በላይ ፎርሙላ፣ አሁንም ስቴፕ የለም። ብሩስ በርንት የሚባል ሰው ደግሞ የራማኑጃንን ደብተሮች አንድ በአንድ ሲያረጋግጥ ዕድሜውን ፈጀ። የሟቹን ስቴፕ ሌሎች ጻፉለት ማለት ነው። በ1914 ባሳተመው ቀመር በ1985 ኮምፒዩተር የፓይን ቁጥር ከ17 ሚሊዮን አኃዝ በላይ አወጣበት። አልጋ ላይ ሆኖ የጀመረውን አዲስ ዓይነት ፎርሙላ ደግሞ ዝዌገርስ የተባለ ሆላንዳዊ ምንነቱን የገለጠው በ2002 ነው፤ ዛሬ ፊዚክስ አዋቂዎች ስለ ጥቁር ጉድጓዶች ሲያሰሉ ይጠቀሙበታል።

ጃናኪስ? በ20ዎቹ መጀመሪያ መበለት ሆና ከ70 ዓመት በላይ ኖረች፤ ብዙውን ዘመን ልብስ እየሰፋች። ያረፈችው በ1994 ነው። ባለ ቡናዋ ከታሪኩ ሁሉ የያዘችው ይህንን ነው። «ፎርሙላውን ለዓለም፣ መርፌውን ለሷ» አለች።

እኛስ ቤት? ጊፋታ መቼ እንደሚውል የወላይታ ሽማግሌዎች የጨረቃን መሙላትና መጉደል እየቆጠሩ ሲወስኑ ኖረዋል፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ላይ ይውላል። ያ ስሌት ነው፤ ስቴፑም አለው፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው ያለው። በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት ደግሞ «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ሩሲያም ግብፅም የእኔ ነው ይላሉ፣ አንጣላም። በልጁ ጥያቄ ላሳይዎት። 48ን እየገመሱ (ግማሽ ከተረፈ እየጣሉ)፣ 25ን እጥፍ እያደረጉ ይውረዱ፦ 24 እና 50፤ 12 እና 100፤ 6 እና 200፤ 3 እና 400፤ 1 እና 800። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን ብቻ፣ የ3ንና የ1ን ጓደኞች፣ ይደምሩ። 400 እና 800፣ 1,200። ማባዛት የማያውቅ ሰው፣ መግመስ፣ እጥፍ ማድረግና መደመር ብቻ ችሎ፣ ገበያውን ውሎ ይገባል።

እዚህ ላይ ልጁ «አሁን ተቀመጥ ያሉኝ ጋ ደረስን?» አለኝ። ደርሰናል። የልጁ መምህርና ሃርዲ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ስቴፑ የት አለ? መምህሩን አልወቅስም፤ ክፍሉ ሙሉ ልጅ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ደብተር ነው፤ እንደ እኔ ዓይነቱም ገልባጭ ሞልቷል። ጥያቄውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አንዱ ጠይቆ ኤክስ አደረገ። ሌላው ጠይቆ መልሱን ጠበቀ፤ መልሱ ሲዘገይ ሰውየውን ራሱን ጠራው። የማድራሱ ጸሐፊ ከመጥፋት የተረፈው በዚህች ልዩነት ነው። ስንቱ ልጅ እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ዳሞታ ሥር መልሱን ይዞ፣ ጠያቂ አጥቶ፣ በክርኑ ያጠፋው ይኖራል።

ስለዚህ እኔም ጠየቅሁት፤ ኤክስ ሳላደርግ። «በል እንግዲህ፣ 25 ሲባዛ በ48። እንዴት ሠራኸው?»

አፈረ፤ ቁልቁል አየ። ከዚያ ጣቱን አወጣ።

«አራት ስሙኒ አንድ ብር ነው። 48 ስሙኒ ውስጥ 12 አራት አለ። ስለዚህ 12 ብር። 12 ብር 1,200 ሳንቲም ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ስሙኒ፣ ያቺ 25 ሳንቲም! ይህ ልጅ በስሙኒ የተሸጠ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ወደ እናቱ ዞርኩ። ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀርታለች፤ በረካው ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ እየፈሰሰ ነው።

«እናቴ ሶዶ ገበያ በቆሎ ስትሸጥ እንደዚያ ነበር የምትቆጥረው» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ከሷ፤ ዛሬም የማስበው በስሙኒ ነው።» ከዚያ ድንገት ሳቀችና ፈተናውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ይኸው፣ ከኔ ነው የገለበጠው!»